ፍራንኮ ያለውን ቤቴን ያለ ደላላ ልሸጥ ነው፤ ከየት ልጀምር?

ጡረተኛው፦
አዳማ ፍራንኮ አካባቢ የምኖርበትን ቤት ሸጬ ልጆቼ ወዳሉበት ልጠቃለል ነው። ካርታው በስሜ ነው፤ ባለቤቴም አለች። ጓሮ ያሉትን ሁለት ሰርቪስ ክፍሎች አከራይቻለሁ። አንዱ ደላላ ከእኔም ከገዢም ሁለት ሁለት በመቶ ጠየቀ። ሌላው ደግሞ «የሚፈልጉትን ዋጋ ይንገሩኝ፤ ከዚያ በላይ የመጣው የእኔ ነው» አለኝ። ራሴው ብሸጠው ምን ምን ላሟላ? ቀብድስ እንዴት ይያዛል?

እመቤት ዘቦኩ፦
ጋሼ፣ ያንን ሁለተኛውን ሰው ደጅዎን አያስረግጡት። እኛ ስንሸጥ በቅድሚያ ለጎረቤትና ለእድርተኛ ነገርን፤ የገዛንም የጎረቤታችን ወንድም ነው። በር ላይ «የሚሸጥ ቤት» ብለው ስልክ ከለጠፉ የሚደውልልዎት ደላላ ብቻ ነው። ቴሌግራም ላይ ፎቶ ማውጣት ይችላሉ፤ የካርታውን ፎቶ ግን ለማንም አይላኩ። ዋጋውን በተመለከተ፣ ሰው የሚጠራውን ሳይሆን የተሸጠበትን ይጠይቁ። በቅርብ የገዛ ጎረቤት ካለ ቡና ይጥሩት።

ጥብቅና ላይ ያለሁ፦
ካርታው በእርስዎ ስም ብቻ ቢሆንም በትዳር ውስጥ የተፈራ ቤት የጋራ እንደሆነ ይገመታል። ባለቤትዎ ካልተስማሙበት ውሉን ማስፈረስ ይችላሉ፤ ስለዚህ አብረው ይፈርሙ። የመንደር ውል አይበቃም፤ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723 መሠረት ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ማዋዋል በሚችል አካል ፊት መመዝገብ አለበት። አስቀድመው ውዝፍ ግብር ካለ ይክፈሉ፤ ቤቱ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃም ያውጡ።
ቀብዱን የሚመለከተው ቁጥር 1885 ነው፦ ገዢው ሐሳቡን ከለወጠ ቀብዱ ይቀርበታል፣ እርስዎ ከለወጡ እጥፉን ይመልሳሉ። ሰነድዎ ሳይሟላ የሰው ብር አይንኩ።

ግንበኛው፦
ገዢው ሜትር ይዞ ይመጣል። ከሳይት ፕላኑ ውጭ የተሠራ ኩሽና ወይም ከአጥሩ ጋር የተያያዘ ጣሪያ ካለ ዛሬውኑ ይወቁት፤ ስም ሲዛወር መሐንዲስ መጥቶ ያየዋል። ሁለተኛው ጥያቄ ጎርፍ ነው። የአዳማን ክረምት የሚያውቅ ሰው ውኃው የት ድረስ እንደሚመጣ ሳይጠይቅ አይሄድም። ስንጥቅ ለመሸፈን አንዱን ግድግዳ ብቻ ቀለም አይቀቡ። ገዢ መጀመሪያ የሚያንኳኳው እሱን ነው።

የቀድሞ ደላላ፦
ሁላችንም ሌቦች አይደለንም! ቤት ለማየት ብቻ የሚዞረውን ሰው የምናጣራው እኛ ነበርን። ቅዳሜና እሁድ ከአዲስ አበባ በፈጣን መንገዱ እየመጡ ሳሎን ቆመው አማርጠው የሚሄዱ ሞልተዋል። ቤቱን ከማሳየትዎ በፊት ገንዘቡ በእጁ እንደሆነ ወይስ በባንክ ብድር እንደሚገዛ በስልክ ይጠይቁት፤ ብድር ከሆነ ባንኩ ራሱ ቤቱን ስለሚገምት ይዘገያል። ሲፒኦ (ባንክ ክፍያውን ያረጋገጠበት ቼክ) ካመጣ ደግሞ ሳይፈርሙ ያወጣው ባንክ ሄደው ያረጋግጡ። ወረቀቱን አይቶ ማመን የለም።

ጡረተኛው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ኩሽናው በእርግጥ ከፕላኑ ወጣ ብሏል፤ ነገ ማዘጋጃ ቤት እሄዳለሁ። የስም ማዛወሪያውን ማን ይከፍላል? ተከራዮቹስ?

ጥብቅና ላይ ያለሁ፦
የቴምብር ቀረጡ 2 በመቶ ነው። በልማድ የሚከፍለው ገዢው ነው፤ ቢሆንም በውሉ ላይ በግልጽ ይጻፍ። ለእርስዎ ይበልጥ የሚያሳስበው ግብሩ ነው። ቤት ሲሸጥ በትርፉ ላይ 15 በመቶ የሚከፈልበት ሕግ አለ፤ ሙሉ በሙሉ ለራስ መኖሪያ የዋለ ቤት አይነካም። ሰርቪሱ ስለተከራየ ግን ዋጋ ከመቁረጥዎ በፊት ገቢዎች ቀርበው ይጠይቁ። ለተከራዮቹም ገዢ ይዘው ከመግባትዎ በፊት ይንገሯቸው፤ የኪራይ ውላቸው የሚያልቅበት ቀንም በሽያጭ ውሉ ላይ ይግባ።