ከማርሚታው ውሃ አይወጣም፣ ከኋላችን ሪፍ (ውሃ ውስጥ ያለ የኮራል ቋጥኝ) ነው፤ ቶሎ እርዱኝ

ነፋሻው (ከቀኑ 10:35)
ሰላም ወገኖች፣ አሁኑኑ የሚመልስልኝ ሰው እፈልጋለሁ። መልህቅ ጥለን ሳለን የጀልባችን ሞተር ሂት አደረገ። አስነስቼው ብዙም ሳይቆይ አላርሙ ጮኸ። ወደ ኋላ ሄጄ ሳይ ማርሚታው ደረቅ ጭስ ነው የሚተፋው። ውሃ ጠብ አይልም። ወዲያው አጠፋሁት። ነፋሱ ደግሞ ዞሮብናል። ጠዋት ወደ ክፍቱ ባሕር ይገፋን የነበረው አሁን ወደ ሪፉ ነው የሚገፋን። ከመምሸቱ በፊት መውጣት አለብኝ፣ መውጫው ቅርብ ነው። ቴርሞስታቱን አውልቄ ብጥለው ይሠራል? ካልሆነስ እንደጋለ አምስት ደቂቃ ብነዳው ምን ይመጣል? ኔትወርኬ እየመጣ እየሄደ ነው።

ካቻቢቴ
የባሕር ውሃ ፓምፑ ውስጥ የሚሽከረከረው ጎማ፣ ኢምፔለሩ ነው። ቀይረው።

ጋሽ ሸራ
ልጄ፣ ከሞተሩ በፊት አንድ ነገር ልበልህ። በዚህ ሰዓት ከኮራል መሃል እወጣለሁ ብሎ ነገር የለም። በሪፍ መሃል የሚኬደው በዓይን ነው። ዓይን ደግሞ የሚያየው ፀሐይ ከላይ ወይም ከጀርባ ስትሆን ነው፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ግድም። ያኔ ጥልቁ ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። አሸዋው ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ነው። ቡናማ ካየህ ኮራሉ አፍንጫህ ሥር ነው። አሁን ግን ፀሐይዋ ዝቅ ብላለች። ውሃው ሁሉ አንድ ዓይነት ያብረቀርቃል፣ ምንም አትለይም።

ስክሪኑ ያሳየኛል እንዳትለኝ። በፓስፊክ አንዳንድ ደሴቶች ካርታው የተሠራው ጂፒኤስ ሳይታሰብ ነው። ውሃ ላይ ቆመህ ጀልባህን የብስ ላይ ያሳይሃል። እንግሊዛዊውን ጄምስ ኩክን ያህል መርከበኛ እንኳ እ.ኤ.አ. በጁን 1770 በሌሊት ሲጓዝ መርከቡን ኤንዴቨርን ታላቁ የአውስትራሊያ ሪፍ ላይ ሰቅሏታል። እንድትቀልላቸው ስድስት መድፍ ባሕር ውስጥ ወረወሩ። ቀዳዳዋንም ውሃ እንዳያስገባ ከውጭ በሸራ ሸፈኑት። መድፎቹን ሰው ያገኛቸው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። አንተ የምትወረውረው መድፍ አለህ?

ጨው በአፉ
መድፍ ባይኖረው ቴርሞስታት አለው ጋሼ፣ እሱን ሊወረውር ተዘጋጅቷል።

የማርሚታ ሐኪም
ቴርሞስታቱን አትንካው። አብዛኛው የጀልባ ናፍጣ ሞተር ሁለት ውሃ አለው። አንዱ እንደ መኪና ራዲያተር ውሃ ሞተሩ ውስጥ እዚያው የሚዞረው ነው። ሌላው የባሕር ውሃ ነው። ከጀልባው ሆድ ይገባል፣ የመጀመሪያውን ያቀዘቅዛል፣ ከዚያ ከጭሱ ጋር በማርሚታው ይወጣል። ቴርሞስታቱ የሚያዘው የመጀመሪያውን ነው። አንተ ጋ የቆመው ሁለተኛው ነው። ቴርሞስታት ቢበላሽ ሞተሩ ይግላል እንጂ ማርሚታው አይደርቅም።

ስለ አምስት ደቂቃዋ፦ አታስባት። ከሞተሩ በፊት የሚሄደው የማርሚታው ጎማ ቱቦ ነው። ውሃ ስለሚያልፍበት ነው ጎማ የሆነው። ውሃ ከሌለ ይቃጠላል። ከዚያ ጭሱ ወደ መኝታህ ይገባል፣ የባሕሩም ውሃ በዚያው ቀዳዳ ሊከተለው ይችላል።

ውሃውን ከባሕር ጀምረህ ተከተለው። የሆዷ ቫልቭ ክፍት ነው? አትሳቅ፣ ሰው ዘግቶት ይረሳል። ከዚያ ቫልቩን ዝጋና ማጣሪያውን ክፈት። የክዳኑ ጎማ ቀለበት ከተሰነጠቀ ፓምፑ በውሃ ፋንታ አየር ይስባል። ከዚያ ቱቦውን ከማጣሪያው ንቀልና ቫልቩን ለአፍታ ክፈት። ፏ ብሎ ከገባ የውጩ በኩል ደህና ነው። ጠብ ጠብ ካለ የተዘጋው ከሥር ነው። ሞተርህ ግን ምንድን ነው? ፓምፑስ የሚዞረው በቺንጋ ነው? ቺንጋው ተበጥሶም ይሆናል እኮ። ምንም አልነገርከንም።

ሰንሰለት
ማንም ያልጠየቀውን ልጠይቅ። መልህቁ ይዟል ወይ? ከያዘ ለምንድን ነው የምትወጣው? ጥልቀቱ ስንት ነው? ስንት ሜትር ሰንሰለት ለቀቅህ? ሪፉ ምን ያህል ይርቃል? ሞተርህ ቆሟል እንጂ ጀልባህ እየሰመጠች አይደለም።

ሞተር ለምኔ
ይቅርታ ግን የሸራ ጀልባ ነው የያዝከው አይደል? ሸራህን ዘርጋና ውጣ። የድሮ ሰዎች በምን ነበር የሚሄዱት?

ሰንሰለት
የድሮዎቹ እንዴት እንደሆኑማ ጋሽ ሸራ ነገረህ እኮ። ነፋሱ ወደ ሪፉ እየገፋው ነው። መልህቁን ሲነቅል የጀልባዋ አፍንጫ ወደተሳሳተው ጎን ብትዞር መልሶ የሚያዞርበት ቦታ የለውም። ቦታውን የሚያውቅ ሰው በጠራራ ፀሐይ ይሞክረው። ዛሬ ግን አይሆንም።

ሞተር ለምኔ
እሺ ይሁን። ቢያንስ የዋናውን ሸራ ሽፋን ያውልቅ፣ ገመዱንም ያዘጋጅ። መልህቁ ሌሊት ቢለቅ ያለው ሞተር እሱ ነው።

ነፋሻው (11:02)
ባለ ሦስት ሲሊንደር ናፍጣ ነው፣ 30 የፈረስ ጉልበት። ቺንጋው አለ፣ ደህና ነው። ቫልቩ ክፍት ነው። ጥልቀቱ 6 ሜትር፣ ሰንሰለት 25 ሜትር ለቅቄያለሁ። እስከ ሪፉ 60 ሜትር ቢሆን ነው። መልህቁ የያዘ ይመስለኛል። ለምን ትወጣለህ ትሉኛላችሁ፣ እናንተ ኮራሉን አታዩትም! ማዕበሉ ሲሰበርበት እዚህ ድረስ ይሰማል። ባለቤቴ እቃ መሸከፍ ጀምራለች።

ካቻቢቴ
ቫልቩም ቺንጋውም ደህና ከሆነ ኢምፔለሩ ነው።

ሰንሰለት
ወንድሜ፣ ገብቶኛል፣ ያስፈራል። ሒሳቡን ግን አብረን እንየው። ውሃው 6 ሜትር፣ ከውሃው እስከ አፍንጫዋ 1 ሜትር እንበል፣ 7። 25 ማለት ሦስት እጥፍ ተኩል ነው። ለምሳ ሰዓት ይበቃል፣ ለሌሊት አይበቃም። አምስት እጥፍ 35 ነው። 10 ሜትር ጨምርለት፣ ከሪፉ አሁንም 50 ሜትር ይቀርሃል። ሰንሰለት ሲያጥር መልህቁን ወደ ላይ እየሳበ ይነቅለዋል። ሲረዝም በአግድም ይጎትተዋል፣ መልህቁም ይበልጥ ይቀበራል። ባሕሩ ሲሞላ ያ 6 ሜትር እንደሚጨምርም አትርሳ።

ከዚያ ወፍራም የናይሎን ገመድ ሰንሰለቱ ላይ እሰርና ጭነቱን ገመዱ ይሸከመው። ናይሎን ይለጠጣል፣ ሰንሰለት ብቻውን ከተወጠረ በየማዕበሉ ይነጥራል። ሁለተኛ መልህቅ ካለህ በጎማዋ ጀልባ ጭነህ ነፋሱ ወደሚመጣበት ውሰደው። አሸዋ ላይ ጣለው። ኮራል ላይ አይይዝም ወይ ተቀርቅሮ ይቀራል፣ ኮራሉንም ይሰብረዋል።

ይዟል ይመስለኛል አትበል፣ አረጋግጥ። በጎንህ በኩል አንድ ዛፍና ከኋላው ያለ ሌላ ነገር በአንድ መስመር ያዝ። ነፋሱ ጀልባዋን ግራ ቀኝ ሲያወዛውዛት መስመሩ ትንሽ ይሄዳል፣ ይመለሳል። ሄዶ ካልተመለሰ እየተንሸራተትክ ነው። ሲጨልም የስልኩን የመልህቅ አላርም አብራ። ነፋሱ የዞረው ዝናብ ባዘለ ደመና ከሆነ ደግሞ ደመናው ሲያልፍ የወትሮው የምሥራቅ ነፋስ ብዙ ጊዜ ይመለሳል።

ጨው በአፉ
እኔ ግን ጄሊፊሽ ነው የምለው። ወይ ፌስታል። ጠባዩ እንደ ቤት አይጥ ነው። ሞተሩ ሲሠራ ተስቦ ቀዳዳው ላይ ይለጠፋል፣ ስታጠፋው ይለቅና ይሄዳል፣ ጠልቀህ ስታይ ማንም የለም። የጎማዋን ጀልባ መንፊያ አምጣ። ከማጣሪያው በፊት ያለውን ቱቦ ንቀልና ወደ ባሕሩ ንፋ። ከሥር ጉልቅልቅ ካለ ተከፍቷል። ባለቤትህ ትስቅብህ ይሆናል፣ አንተ ንፋ።

ነፋሻው (11:25)
ነፋሁ። ጉልቅልቅ አለ። ውሃው ፏ ብሎ ይገባል። ማጣሪያው ውስጥ ትንሽ ሣር ብቻ ነው ያለው። አስነሳሁት፣ አሁንም ደረቅ ነው፣ አጠፋሁት። ሰንሰለቱን 10 ሜትር ጨምሬያለሁ። እና ኢምፔለሩ ነው ማለት ነው?

ካቻቢቴ
ከመጀመሪያው ጀምሮ ምን እያልኩ ነው?

ጋሽ ሸራ
ካቻቢቴ ልጄ፣ ደጋግመህ ከምትነግረው አንዴ አሠራሩን ብታስረዳው ምን ነበረበት?

ካቻቢቴ
እሺ ጋሼ። ነፋሻው፣ በመጀመሪያ ቫልቩን ዝጋ። የሞተሩን ቁልፍ ነቅለህ ቫልቩ እጀታ ላይ አንጠልጥለው። ስትጨርስ ቁልፉን ፈልገህ ስትሄድ ቫልቩ መዘጋቱ ትዝ ይልሃል። ሞተሩም ትንሽ ይቀዝቅዝ፣ እጅህን እንዳያቃጥልህ።

የባሕር ውሃ ፓምፑ ከማጣሪያው የሚመጣው ቱቦ የሚገባበት ክብ የነሐስ ቤት ነው። ፊቱ ላይ በትንንሽ ብሎኖች የታሰረ ክዳን አለ። ከመፍታትህ በፊት ከሥሩ ነጭ ጨርቅ አንጥፍ። አንዷ ብሎን ከወደቀች ሞተሩ ሥር ካለው ጥቁር ውሃ ውስጥ ነው የምትገባው። ክዳኑ ሲከፈት ጥቁር ጎማ ታያለህ፣ ዙሪያውን ክንፍ ያለው። ክንፎቹ ወዴት እንደታጠፉ ፎቶ አንሳ። ከዚያ መሃሉን በፒንሳ ይዘህ ቀጥ አድርገህ ሳበው። በካቻቢቴ አትፈልቅቀው፣ ነሐሱ ከተጫረ ያፈሳል። በስሜ አትታለል።

አሁን ዋናው። ክንፎቹን ቁጠር። የጎደለ ካለ ቁራጩ የሆነ ቦታ ተቀርቅሯል። ከፓምፑ የሚወጣውን ቱቦ ንቀልና ማጠፊያው ላይ፣ ከዚያም ማቀዝቀዣው መግቢያ ላይ ፈልግ። ሳታወጣው አዲሱን ብትገጥም ነገ ያው ነው። አዲሱን በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ቀባው፣ ግራሶ አትጠቀም። ክንፎቹን በፎቶው መሠረት አጥፈህ እያዞርክ አስገባው።

የማርሚታ ሐኪም
ካቻቢቴ ይህን ሁሉ ታውቃለህና! ሁለት ነገር ልጨምር። ክዳኑ ከውስጥ በኩል ክብ ጭረት ካለው ገልብጠህ እሰረው፣ ለስላሳው ፊት ወደ ውስጥ ይሁን። ሌላው፣ ሞተሪኖውን (ማስነሻውን) እየደጋገምክ አዙረህ ሞተሩ እንቢ ካለህ ቫልቩን ዝጋ። ፓምፑ ውሃ ወደ ማርሚታው እየገፋ ነው፣ የሚያስወጣው ጭስ ግን የለም። ሞልቶ ወደ ሲሊንደሩ ይመለሳል። ያኔ ስለ ኢምፔለር ማውራት ትተን ስለ ሞተር ማስወረድ እናወራለን።

ነፋሻው (12:10)
ከፈትኩት። ሁለት ክንፍ የለም፣ አንዱ ተሰንጥቆ ተንጠልጥሏል። አንዱን ቁራጭ ቱቦው ውስጥ አገኘሁት። መለዋወጫ አለኝ ግን ትንሽ የሚያንስ ይመስላል። የክዳኑ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያው) ደግሞ ተቀደደብኝ። ጨልሟል፣ በግንባር መብራት ነው የምሠራው። መልህቁ ይዟል።

ካቻቢቴ
በዓይን አትለካው። አሮጌው ክንፉ ደክሞ ስለተጣመመ ያሳስትሃል። ወርዱን ከፓምፑ ቤት ጥልቀት ጋር አስተያይ። ከፊቱ እኩል ከሆነ ትክክለኛው ነው። ወደ ውስጥ ከገባ አይስብም። ሁለተኛዋንም ቁራጭ ፈልጋት!

የማርሚታ ሐኪም
ጓርኒሲዮኑን ከወረቀት ቁረጥ። ክዳኑን ወረቀቱ ላይ አስቀምጠህ በእርሳስ ዙረው። ካርቶን አይሁን። ወረቀቱ ከወፈረ ክንፉና ክዳኑ መሃል ክፍተት ይፈጠራል፣ ፓምፑም አየር ብቻ ይቀዝፋል።

ሰንሰለት
ብትጨርሰውም ዛሬ አትንቀሳቀስ። ተራ ገብታችሁ ጠብቁ። ሬዲዮው የአደጋ ጥሪ በሚሰማበት ቻናል 16 ላይ ይሁን። መልህቁ ለቅቆ መቆጣጠር ካቃታችሁ ፓን-ፓን (የአስቸኳይ እርዳታ ጥሪ) ሦስት ጊዜ ብለህ ያለህበትን ንገር። ለሕይወታችሁ የሚያሰጋ ከሆነ ደግሞ የነፍስ አድን ጥሪውን፣ ሜይዴይ በል። ጠዋት ሞተሩ ባይነሳና ባሕሩ ጸጥ ካለ የጎማዋን ጀልባ ከጎን፣ ወደ ኋላ ጠጋ አድርገህ አጥብቀህ እሰራት። የእሷ ሞተር ይገፋሃል። ነፋስ ካለ ግን አትሞክረው፣ አቅም የላትም።

ጋሽ ሸራ (በማግስቱ፣ ረፋድ 3:20)
ልጄ፣ እንዴት አደራችሁ?

ጨው በአፉ
ጋሼ፣ ኔትወርኩ ነው የጠፋው እንጂ እሱ ደህና ነው። ወይ ደግሞ ሁለተኛዋን ቁራጭ እየፈለገ ነው።

አዲስ ገቢ (ከሦስት ሳምንት በኋላ)
ሰላም፣ የቆየ ጥያቄ ስለቀሰቀስኩ ይቅርታ። እኔ ጋ ውሃው ይወጣል፣ ግን ቀጭን ነው፣ ከእንፋሎት ጋር። ሞተሩ ዝግ ብዬ ስነዳው ደህና ነው፣ ፈጠን ሳደርገው ይሞቃል። ኢምፔለሩን ባለፈው ወር ቀይሬዋለሁ።

የማርሚታ ሐኪም
የባሕሩ ውሃና ጭሱ የሚገናኙበትን የብረት ክርን ፍታው። ጨውና ጥላሸት እየተጋገረ ውስጡን ያጠበዋል። እርሳስ የማያስገባ ሆኖ አግኝቼ አውቃለሁ። ደህና ከሆነ ማቀዝቀዣውን ክፈት፣ የዱሮ ኢምፔለር ቁራጭ እዚያ ተከማችቶ ይሆናል። ክርኑ ከተቀየረ ስንት ዓመቱ ነው?