ማንካር ካሞራን የነገሥታቱን ክታብ እንዴት ሊያጠልቀው ቻለ?

የሳሪሱ_ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ኦብሊቪየን የሚባለውን የኮምፒውተር ጨዋታ ገና ያልጨረሰ ካለ እዚህ ጋ ያቁም። የማወራው መጨረሻውን ነው።

ጥያቄዬ የቆየ ነው። ባለፈው ሳምንት እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣውን ሪማስተር፣ የታደሰውን እትም፣ ጨረስኩና እንደገና ተነሳብኝ። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ነሳኝ።

ለቆየባችሁ ላስታውስ። ጨዋታው ሲጀምር እስር ቤት ነን። ንጉሠ ነገሥት ዩሪኤል ሴፕቲም ከገዳዮች ሲሸሽ በእኛ ክፍል በኩል ያልፋል፤ ምስጢራዊው መውጫ እዚያ ስለሆነ ነው። ከመሞቱ በፊት ክታቡን በእጃችን ይሰጠናል። በገዳም ለሚኖረው መነኩሴ ለጃፍሪ እንድናደርስለትም ይለምነናል። ከዚያ ወዲያው ይገደላል።

ክታብ የምለው ሆን ብዬ ነው። ሐብል የሚሉት አሉ። ሐብል ለጌጥ ነው። ይሄ ግን የሚጠብቅ ነገር ነው፣ ለዚያውም አገር። አካቶሽ የተባለው የዘንዶ አምላክ ሰዎችን ከአይሌዶች ባርነት ላወጣችው ለአሌሲያ ከልቡ ደም አውጥቶ ሰጣት። ቃል ኪዳን ነው። እሷና ተከታዮቿ መሐላውን እስከጠበቁና በቤተ መቅደሱ ያለው የዘንዶ እሳት እስከነደደ ድረስ የኦብሊቪየን፣ የአጋንንቱ ዓለም፣ በር ይዘጋል። አጋንንቱም አይገቡም።

እኔ መጀመሪያ የተጫወትኩት በ2000 ዓ.ም. ነው። ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። ጨዋታው ከጓደኛዬ ሃርድ ዲስክ የተገለበጠ፣ ኮምፒውተሩ የታላቅ ወንድሜ። ምስሉ ይንቀራፈፋል። ሳር የበዛበት ሜዳ ላይ ስደርስማ ስክሪኑ ቀጥ ይላል። መብራት ከጠፋ ደግሞ ሴቭ ያላደረግኩት ሁሉ ውኃ በላው። ክታቡን እንደተቀበልኩ መጀመሪያ የሞከርኩት ማጥለቅ ነው። እምቢ አለኝ። ቀለበቱንም ሌላውን ሐብልም የሚቀበል ጨዋታ ይሄን ብቻ እምቢ አለ። ደጋግሜ ሞከርኩ፤ ያው ነው። ልጅ ብሆንም የሆነ ነገር ገባኝ። የተሰጠኝ እንዳደርሰው እንጂ እንድለብሰው አልነበረም። ከዚያ በኋላ ቦርሳዬ ውስጥ ባየሁት ቁጥር ቀስ ብዬ ነበር የምሄደው። እውነቴን ነው።

አሁን ወደ ጥያቄው። የንጉሡን የተደበቀ ልጅ ማርቲንን ከክቫች ከተማ ይዘን ስንመለስ፣ ከአጋንንቱ አለቆች አንዱ የሆነው የዳጎን ተከታዮች የጃፍሪን ገዳም ወርረው ክታቡን ዘርፈውታል። በመጨረሻ አለቃቸው ማንካር ካሞራን ለራሱ የፈጠራት ገነት ውስጥ እንገባለን። አዳራሹ ውስጥ ይጠብቀናል። ልጆቹ ሩማና ሬቨን አብረውት ናቸው። ካሜራውን አስጠጋሁት። የክታቡ ቀይ ድንጋይ ደረቱ ላይ ነው። አጥልቆታል!

እንዴት? ንጉሡ በገዛ እጁ የሰጠኝ እኔ ተከልክያለሁ። ዘርፎ የወሰደው ማን ፈቀደለት?

ኮድ_ጸሐፊው

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ጥሩ ነው። እኔ ግን መልሱን ከታሪኩ ውስጥ አልፈልገውም። ክልከላው የተሠራው ለተጫዋቹ ነው። ሌላውን ገጸ ባሕርይ ምን እንደሚለብስ የሚወስነው ሠሪው ነው። ክታቡ የት እንዳለ ገና ከበር እንድናየው ፈለጉ፤ አንገቱ ላይ አደረጉት። ቦርሳው ውስጥ ቢሆን ማን ያየዋል? ትዕይንቱ ራሱ ኃይል አይኖረውም ነበር። ከዚህ የጠለቀ ነገር ያለው አይመስለኝም።

የሳሪሱ_ልጅ

አመሰግናለሁ። ግን ይሄን መቀበል ይከብደኛል። የሚከብደኝም እነዚህ ጸሐፊዎች የሚሠሩትን ስለማውቅ ነው።

የማንካር ካሞራንን አራት መጻሕፍት ታስታውሳለህ? የሚስቴሪየም ዛርክሲስ ትርጓሜ የሚባሉትን። የጻፋቸው ማይክል ከርክብራይድ ነው። ሲነበቡ ቅዠት ይመስላሉ። እኔ ያኔ መዝገበ ቃላት ይዤ ተቀምጬም አንድ ገጽ አልገባኝም። ግን የእያንዳንዱን አንቀጽ የመጀመሪያ ፊደል ብቻ ለቅመህ ብትደረድር ዓረፍተ ነገር ይወጣል። የሒሳብ ደብተሬ የኋላ ገጽ ላይ አንድ በአንድ ጻፍኳቸው። መጀመሪያ «አረንጓዴ» የሚል ቃል ወጣ። ከዚያ «ንጉሠ ነገሥት»። ከዚያ «መንገድ»። ሲያልቅ፣ ግንቡ የእኩለ ቀን ፀሐይን የሚነካበት የአረንጓዴው ንጉሠ ነገሥት መንገድ ይላል። ይሄ ኢምፔሪያል ሲቲ ውስጥ፣ በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ያለው የመቃብር ሥፍራ ነው። ቀትር ላይ ሄጄ የአንዱ ልዑል መቃብር ፊት ቆምኩ። ድንጋዩ ላይ ቀይ ካርታ በራ። ጮህኩኝ። እናቴ ምን ሆንክ ብላ ከማድ ቤት ሮጣ መጣች።

ፊደል በፊደል እንዲህ የደበቀ ቡድን የታሪኩን ትልቁን ቅዱስ ዕቃ እንዲሁ በሌባ አንገት ላይ ያንጠለጥለዋል? አይመስለኝም።

ሰብለ_ድራጎንቦርን

እኔ ደግሞ ሁላችንንም ያሳሳተን «ደም» የሚለው ቃል ነው እላለሁ። ክታቡን የሚያጠልቀው የሴፕቲም ደም፣ የንጉሥ ደም ያለው ብቻ ነው ሲባል ዘር አድርገን ነው የምንሰማው። እኛ አገር ደግሞ ዘውድና የዘር ሐረግ አብረው ስለሚነገሩ ይበልጥ እንደዚያ ይሰማናል። ታሪኩን ግን ተከተሉት። አሌሲያ አለች። ከእሷ ብዙ ዘመን በኋላ ሬማን ይመጣል፤ እሱ ከአሌሲያ መንፈስ ተወለደ የሚል አፈ ታሪክ አለው። ከሬማን በኋላ ደግሞ ታይበር ሴፕቲም። ታይበር ዙፋኑን ያገኘው በጦርነት እንጂ የሬማን ልጅ ልጅ ሆኖ አይደለም። ክታቡ ግን ሦስቱንም ተቀብሏል።

እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣውን ቀጣዩን ጨዋታ፣ ስካይሪምንም አስቡት። ድራጎንቦርኑ፣ የዘንዶ ደም የተሰጠው ሰው ማለት ነው፣ እኛው ነን። እጁ ታስሮ በጋሪ የመጣ እስረኛ። ከማን እንደተወለደ የሚጠይቀው የለም። አካቶሽ የፈለገውን ይባርካል፣ በቃ።

ስለዚህ አንዱ መንገድ ማንካር ራሱ ድራጎንቦርን ሆኖ ተወልዷል ማለት ነው። የሚያስፈራ ሐሳብ ነው፤ ግን የሚከለክለው ነገር አላገኘሁም። ጸጋውን ተቀብሎ ለጠላት ያዋለ ሰው ይሆናል ማለት ነው።

እኔ ግን ይበልጥ የማምነው ሌላውን ነው። ሚስቴሪየም ዛርክሲስን የጻፈው ራሱ ዳጎን ነው። ማንካር ገነቱን የሠራው በዚያ መጽሐፍ ነው። ስለዚህ እዚያ ውስጥ ሰማዩም፣ ዛፉም፣ ሕጉም የእሱ ነው። የሰጪው ሕግ የማይደርስበት ቦታ ወስዶ አጠለቀው። ደግሞም የሚሰብከውን ስሙት። ታምሪኤል፣ የጨዋታው ምድር፣ ራሷ ሎርካን የሚባል አምላክ ግዛት ነበረች፣ እሱም ተካደ ይላል። ከጨዋታው ውጭ ከርክብራይድ በጻፈው ላይ ደግሞ ቀዩ ድንጋይ የሎርካን የደም ጠብታ ነው፤ የአካቶሽ አይደለም። ይሄን ከተቀበላችሁ ማንካር የሰረቀው መስሎ አይሰማውም። የባለቤቱን ዕቃ የመለሰ ነው የሚመስለው።

ቃል ኪዳኑን በማታለል መክፈት እንደሚቻል የዚሁ ተከታታይ ሌላው ጨዋታ፣ ኤልደር ስክሮልስ ኦንላይንም አሳይቶናል። ንጉሠ ነገሥቱ ቫረን አኩዊላሪዮስ በክታቡ ሥርዓት አድርጎ ድራጎንቦርን ለመሆን ሞከረ። አስማተኛው ማኒማርኮ ሥርዓቱን አበላሸበት። የዓለሙ መጋረጃ ተቀደደ። ስለዚህ ክታቡ የማይደፈር አይደለም። የደፈረው ግን ዋጋ ይከፍላል።

የሳሪሱ_ልጅ

ሰብለ እህቴ፣ የገነቱ ነገር በጣም አሳማኝ ነው። አንድ ነገር ብቻ ይቀረኛል። ማንካር እንደሞተ ገነቱ ይፈርሳል፤ የሠራው ሁሉ ይጠፋል። ክታቡ ግን ጭረት ሳይነካው ወደ ማርቲን ይመለሳል። እዚያ የቆየው እስረኛ ሆኖ ነው እንዴ? ወይስ ይጠብቅ ነበር? ይሄን የሚመልስልኝ አጣሁ።

የናሆም_አባት

እንደምን ዋላችሁ ልጆች። እኔ ጨዋታ አልጫወትም። የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ልጄ ናሆም አሥራ አራት ዓመቱ ነው። ሲጫወት አጠገቡ እቀመጣለሁ። አማርኛው እንዳይጠፋበት የሚያየውን ሁሉ በአማርኛ እንዲያስረዳኝ ነው የማደርገው። አንዳንዴ ይሰለቸዋል። ግን ያስረዳኛል።

አንድ ቀን «ዳጎን» ሲል ሰማሁት። ደንግጬ ምን አልክ አልኩት። የክፉዎቹ አምላክ ነው አለኝ፤ ተከታዮቹ የነገሥታቱን ቃል ኪዳን ሰርቀው ወሰዱት አለኝ። ናሆም፣ ይሄን ታሪክ እኔ አውቀዋለሁ አልኩት።

ያደግሁት በቤተ ክርስቲያን ነው። ኅዳር 21 ጽዮንን ስናከብር ይህ ይነገራል። በመጀመሪያው መጽሐፈ ሳሙኤል ምዕራፍ 5 ላይ ነው ያለው። ፍልስጥኤማውያን ታቦቱን በጦርነት ማረኩት። አዛጦን ወስደው በጣዖታቸው በዳጎን ቤት ውስጥ አቆሙት። በማግስቱ ሲመጡ ዳጎን በታቦቱ ፊት በግንባሩ ተደፍቷል። አነሡና ወደ ቦታው መለሱት። በሦስተኛው ቀን ሲመጡ አሁንም ወድቋል። ራሱና ሁለቱ እጆቹ ተቆርጠው ደጃፉ ላይ ነበሩ።

ጨዋታውን የሠሩት ከዚህ ወሰዱት ብዬ አልከራከርም። ግን ልጄ፣ ያንተን ጥያቄ ሳነብ የመጣልኝ ይሄ ነው። ታቦቱን የነካው ዖዛ ወዲያው ሞተ። ለዚያውም ሊደግፍ ብሎ ነው። የማረኩት ፍልስጥኤማውያን ግን ተሸክመው ሄዱ። በአገራቸውም ሰባት ወር ቆየ። እኔም በልጅነቴ የኔታን እንዳንተ ጠይቄያቸው ነበር። ለምን ለእነሱ ተፈቀደላቸው አልኳቸው። የኔታ «ተፈቀደላቸው ማን አለህ? ገባባቸው እንጂ» አሉኝ።

እኔም ስለዚያ ክታብ የምለው ይሄንኑ ነው። ማንካር የሚባለው ሰው አንገቱ ላይ ስላሰረው የተገባው ሆነ ማለት አይደለም። በሰባቱ ወር ፍልስጥኤማውያን ያተረፉት እባጭ ነው። ከከተማ ከተማ ሲያዞሩት ቆይተው በመጨረሻ በሁለት የሚያጠቡ ላሞች በሚጎተት ሠረገላ ራሳቸው መልሰው ሰደዱት። ማንካርም ክታቡን ይዞ ምን አገኘ? የእናንተው ጀግና ተከትሎት ቤቱ ድረስ ገባ።

ሰብለ_ድራጎንቦርን

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስንት ዓመት ስጫወተው «ዳጎን» የሚለውን ስም ከመጽሐፍ ቅዱሱ ጋር አገናኝቼው አላውቅም። ሰንበት ትምህርት ቤት የተማርኩ ልጅ ነኝ እኮ!

ግን አንድ ቦታ ላይ ይለያዩብኛል። ታቦቱ ሳይሰበር ነው ዳጎንን የጣለው። ጨዋታው ላይ ማርቲን ክታቡን ይሰብረዋል። ዳጎን ከተማው ውስጥ ከገባ በኋላ እሳቱን ማቀጣጠል ብቻውን አይበቃም ነበር። ስለዚህ በቤተ መቅደሱ ውስጥ ድንጋዩን ሰብሮ እሱ ራሱ የአካቶሽ ዘንዶ ሆነ። ዳጎንን አሸነፈው፤ ከዚያ እዚያው ድንጋይ ሆኖ ቀረ። ክታቡም ከዚያ በኋላ የለም። ቃል ኪዳኑን የያዘው ነገር ከተሰበረ ቃል ኪዳኑ ራሱ ምን ሆነ? እኔን ደግሞ እንቅልፍ የሚነሳኝ ይሄኛው ነው።

የሳሪሱ_ልጅ

ጋሼ፣ የየኔታ መልስ ጥያቄዬን ገለበጠው። እኔ ሁልጊዜ «ማን ፈቀደለት» ብዬ ነው የምጠይቀው። አሁን ትናንት ያስቀመጥኩትን ሴቭ ከፍቼ እንደገና ገነቱ ውስጥ ገባሁ። ማንካር ያው ተቀምጧል፤ ድንጋዩም ያው ቀይ ነው። ግን ይሄኛውን ጊዜ ማንካር ክታቡን የያዘው አልመሰለኝም። ክታቡ እሱን የያዘው መሰለኝ። ክታቡ እዚያ ባይሆን ኖሮ እኛ ወደ ገነቱ የሚያስገባውን በር አንከፍትም ነበር። ማርቲን በሩን ለመክፈት ያን ሁሉ ደምና ድንጋይ ያስሰበሰበን ክታቡን ፍለጋ ነው።

የሰብለን ጥያቄ ግን እኔ አልችለውም። ጋሼ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?

የናሆም_አባት

ሰብለ ልጄ፣ ሙሴም የመጀመሪያዎቹን ጽላት ሰብሯቸዋል። ከተራራው ሥር ሕዝቡ ለጥጃው ሲዘፍን ባየ ጊዜ። ከዚያ በኋላ ድጋሚ ጽላት ቀርጾ ወጣ፤ ያው ቃል እንደገና ተጻፈበት። ናሆም እንደነገረኝ ደግሞ በዚያ ጨዋታ ላይ በሩ ክታቡ ከተሰበረ በኋላም ተዘግቶ ቀርቷል። አንቺው ስትናገሪ ድንጋዩ የደም ጠብታ ነው አልሽ። ደም የሚፈስበት ቀን አለው።

ለናሆም የጻፋችሁትን አነበብኩለት። ዛሬ እራት ከበላን በኋላ ሴቩን ከፍቶ ወደዚያ ቤተ መቅደስ ይወስደኛል። የድንጋዩን ዘንዶ ላየው ነው።