ያለ ፓርቲ ከንቲባ ሆኖ መቆየት በጀርመን

ጥያቄ፦ በጀርመን የፓርቲ አባል ያልሆነ ሰው የአንዲት ትንሽ ከተማ ከንቲባ ሆኖ ለረጅም ዓመታት ሊቆይ የሚችለው እንዴት ነው? ምክር ቤቱስ ይሰማዋል?

መልስ 1፦ ቢያንስ በባደን ቩርተምበርግ ክፍለ ግዛት ከንቲባውን የሚመርጠው ምክር ቤቱ ሳይሆን ሕዝቡ ራሱ ነው፤ የሥራ ዘመኑም 8 ዓመት ስለሆነ ሁለት ጊዜ የተመረጠ ሰው 16 ዓመት ያገለግላል። በዚያ ላይ ከንቲባው አስተዳደሩን ከመምራቱም ሌላ የምክር ቤቱ ሰብሳቢ ነው፤ ድምፅም ይሰጣል። ስለዚህ ፓርቲ ባይኖረውም አቅመ ቢስ አይደለም።

መልስ 2፦ በሃይደልበርግ አቅራቢያ የምትገኘውን ማወርን ተመልከቱ። ከንቲባዋ ጆን ኤሬት፣ አባታቸው ጥቁር አሜሪካዊ ወታደር የነበሩ፣ ቀደም ሲልም በፌዴራሉ የወንጀል ምርመራ መሥሪያ ቤት የሠሩ ሰው ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 በግል ተወዳድረው አሸነፉ፤ በ2020ም ሕዝቡ በድጋሚ መረጣቸው። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ይህ ሁለተኛው ምርጫ ነው፤ ምክንያቱም ነዋሪው ያን ጊዜ የፈረደው የ8 ዓመት ሥራቸውን በዓይኑ አይቶ ነው።

መልስ 3፦ ሕጉ ግን በየክፍለ ግዛቱ ይለያያል፤ ለምሳሌ በባቫሪያ የሥራ ዘመኑ 6 ዓመት ነው።