የወንድሜ ዓይን ቢጫ ሆነ፤ ጠጠሩን የት እናስወጣ?

ጠያቂዋ (ሳቢያን፣ ድሬዳዋ)፦ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። የ26 ዓመት ወንድሜ ዓይኑ እርድ መስሏል፤ ሽንቱ ሻይ ነው፤ ክንዱን እያከከ አደማው። አልትራሳውንዱ የሐሞት ቱቦው ሰፍቷል ይላል። ጠጠር ነው። ድሬዳዋ ወይስ ሐረር እናስቀድደው?

ጡረተኛው፦ ልጄ፣ ይህ የወፍ በሽታ ነው። በእኛ ጊዜ ቅጠል ተቀጥቅጦ ይጠጣ ነበር እንጂ ማን ሆድ ይቀድ ነበር? መጀመሪያ ጫቱን ይተው። የዛሬ ወጣት ከቀትር በኋላ ሥራ አያውቅም፣ ጉበቱንም አያስብ።

ጠያቂዋ፦ ጋሼ፣ ወንድሜ ጫት አይቅምም።

የለገሃሬው፦ ድሬዳዋ ተወልዶ የማይቅም? ሐኪም ማየት ያለበት ይህንን ነው!

የከዚራዋ፦ እናቴም ጠጠር ነበረባት፤ ወጣላትና በሦስተኛው ቀን ቤቷ ገባች። አስወጡለት።

ነርሷ፦ እህቴ፣ ጠጠር መሆኑን ማን ነገረሽ? ከዚህ በፊት የታመመው ነገር የለም? ትኩሳትስ?

ጠያቂዋ፦ ጣፊያው ከልጅነቱ ትልቅ ነው። ከአራት ዓመት በፊት ደም አስታውኮት አዲስ አበባ ስንወስደው፣ ወደ ጉበት የሚገባው ደም ሥር በረጋ ደም ተዘግቷል ተባልን። እሱ እንኳ አልፏል። አሁን በዚህ ሙቀት ጋቢ ደርቦ ይንቀጠቀጣል።

ነርሷ፦ አላለፈም፤ ነገሩ ያለው እዚያው ነው። ፖርታል ቬን የሚባለው ያ ደም ሥር ሲዘጋ ደሙ በዙሪያው ባሉ ትንንሽ ሥሮች ይሄዳል። እነሱ በዓመታት ውስጥ ያብጡና የሐሞት ቱቦውን ከውጭ ይጫኑታል፤ ሐሞቱ ከተጫነው ቦታ በላይ ሲጠራቀም ቱቦው እዚያ ይሰፋል። ብዙዎች ሳይታወቃቸው ይኖራሉ፤ አንዳንዱን ግን እንዲህ ቢጫ ያደርገዋል። ጠጠር ቢገኝ እንኳ መውጫ ያጣው ሐሞት የፈጠረው ሊሆን ይችላል። ሥሮቹ እንዳሉ ሳይታወቅ ቢቀደድ ብዙ ደም ይፈሳል።

ቢጫነትና ብርድ ብርድ ማለት ከተገናኙ ግን ነገ አይባልም፤ ቱቦው መርቅዞ ሊሆን ስለሚችል አሁኑኑ ድንገተኛ ክፍል ውሰጂው። የአዲስ አበባውን ወረቀት ያዢ፤ ሐኪሙ ሳይጠይቅሽ ንገሪው። ቀጥሎ የሐሞት መስመሩን የሚያሳይ ኤምአርአይ ይታዘዛል። ካስፈለገም ካሜራ ባለው በአፍ በሚገባ ቀጭን መሣሪያ (ኢንዶስኮፒ) የሐሞት ቱቦውን የሚከፍት ትንሽ ቧንቧ (ስቴንት) ይደረግለታል፤ የፕላስቲኩ በየሦስት ወሩ ገደማ ይቀየራል።

የለገሃሬው፦ ቱቦ ከጠበበ ካንሰር አይደለም?

ነርሷ፦ ያበጡት ሥሮች በምስል ላይ ዕጢ ሊመስሉ ይችላሉ። ለዚህም ነው የቀድሞው ወረቀት የሚያስፈልገው።

የከዚራዋ፦ ብቻ አስወጡለት፤ እናቴ ዛሬ ገበያ ትወርዳለች።

ጠያቂዋ፦ ወረቀቱን ከሳጥን ሥር አገኘሁት። ባጃጅ ደጅ ቆሟል። ራት በልቷል፣ ችግር አለው?

ነርሷ፦ የበላበትን ሰዓት ንገሪያቸው። ሂዱ።

ጡረተኛው (ከሁለት ቀን በኋላ)፦ ልጄ፣ ወንድምሽ እንዴት ሆነ?