ከአንድ መጋዘን በርበሬ አንዱ ላብራቶሪ «አልተገኘም»፣ ሌላው «14» አለ። የቱን ልመን?

የቡሬው፦
ሰላም፣ እንዴት ከረማችሁ። ቡሬ አካባቢ ዛላ በርበሬ ሰብስበን የምንሸጥ ትንሽ ማኅበር ነን። ዘንድሮ ወደ አውሮፓ የሚልክ ገዢ አገኘንና አፍላቶክሲን የሚባለውን የሻጋታ መርዝ አስመርምሩ አለን። ለሁለት ላብራቶሪ ሰጠን። አንደኛው «አልተገኘም» ብሎ ጻፈ። ሁለተኛው ጠቅላላው 14 ፒፒቢ፣ ቢ1 የሚባለው የአፍላቶክሲን ዓይነት ብቻውን 11 ነው አለ። የአውሮፓው ገደብ ለበርበሬ ቢ1 5፣ ጠቅላላው 10 ስለሆነ በአንዱ እናልፋለን በሌላው እንወድቃለን። ገበሬው ብሩን እየጠበቀ ነው፣ ጨንቆኛል። ማሽኑ ተበላሽቶ ይሆን?

ደጀን በር፦
እኛንም በለውዝ ገጥሞን ነበር። ሦስተኛ ቦታ አስመርምር።

ከአባይ ማዶ፦
ሦስተኛ ቦታ ከመሄድህ በፊት ወንድሜ፣ ናሙናውን እንዴት ወሰዳችሁት? እኔ ባህር ዳር ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ መጀመሪያ የማስበው ጆንያውን እንጂ ማሽኑን አይደለም።

1 ፒፒቢ ማለት በኪሎ 1 ማይክሮግራም ነው። በእኛ ሂሳብ 10,000 ኩንታል ውስጥ 1 ግራም ማለት ነው። ችግሩ መርዙ ወጥ ውስጥ እንደገባ ጨው እኩል አይዳረስም። ሻጋታው የሚይዘው ጥቂት ዛላ ነው፤ አንዱ ዛላ በመርዝ ተሞልቶ አጠገቡ ያለው ንጹሕ ሊሆን ይችላል። ያ አንድ ዛላ የገባበት ፌስታል ይወድቃል፣ ያልገባበት ያልፋል። ስለዚህ ሁለቱም ላብራቶሪዎች ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ።

«አልተገኘም» ደግሞ ዜሮ ማለት አይደለም። መሣሪያው ማየት ከሚችለው በታች ነው ማለት ነው። ዝቅተኛው የምትለኩት መጠን ስንት ነው ብለህ ጠይቅ። ግማሽ ፒፒቢ ካሉህ ጥሩ ነው። 10 ካሉህ ግን ገደቡ 5 ሆኖ ሳለ ያ ወረቀት ምንም አይጠቅምህም።

በምን ዘዴ እንደለኩም ጠይቅ። በርበሬ ቀለሙና ዘይቱ አስቸጋሪ ነው። ፈጣኑ የኤላይዛ ኪት ውጤቱን የሚያነበው በቀለም ስለሆነ የበርበሬው ቅላት ሊያሳስተው ይችላል። ኤችፒኤልሲ በሚባለው፣ ንጥረ ነገሮችን ለያይቶ በሚለካው ማሽን ሲሆን መርዙ በሜታኖልና በውኃ ይወጣና አፍላቶክሲንን ብቻ ይዞ በሚያስቀር ማጣሪያ ያልፋል፣ ቀለሙ ታጥቦ ይሄዳል፣ ከዚያ ማሽኑ ቢ1ን ከሌሎቹ ለይቶ በጨረር ያበራዋል። የአፍላቶክሲን ዓይነቶች ቢና ጂ የተባሉትም አንዱ ሰማያዊ (በእንግሊዝኛ ብሉ) ሌላው አረንጓዴ (ግሪን) ስለሚያበሩ ነው። ንጹሕ በርበሬ ላይ የታወቀ መጠን ጨምራችሁ ስንቱ ተመለሰ በላቸው። 10 ጨምረው 5 ብቻ ካገኙና ካላስተካከሉት፣ የሰጡህ ቁጥር የእውነቱ ግማሽ ነው።

የቡሬው፦
እግዜር ይስጥህ ወንድሜ። እውነቱን ልናገር፣ ለመጀመሪያው በር ላይ ካሉት ጆንያዎች ሁለት እፍኝ ነው ያነሳነው። የሁለተኛው ከጥግ ነው። እዚያ ጋ ክረምት ላይ ጣራው አፍስሶ ነበር።

ከአባይ ማዶ፦
በል ተገኘ። የጥጉን ለብቻ፣ የቀረውን ለብቻ አድርግ። ከሁለቱም ወገን ከእያንዳንዱ ጆንያ ከላይ፣ ከመሐል፣ ከታች ውሰድ፣ ኪሎዎች ይሁን። የእያንዳንዱን ወገን ለብቻው ሁሉንም ፍጨው፣ ደህና አድርገህ ቀላቅለው፣ ከዚያ ነው የምታካፍለው። ሳትፈጭ ካካፈልክ ያው እዚያው ነን። አንዱን ድርሻ አሽገህ ደረቅ ቦታ አስቀምጥ፣ ክርክር ቢነሳ ይጠቅምሃል።

የፍኖተ ሰላሟ፦
አንድ ነገር ልጨምር ወንድሜ፣ እባክህ የጥጉን ከጥሩው ጋር ቀላቅላችሁ ቁጥሩን ለማውረድ እንዳታስቡ። በአውሮፓ ሕግም ክልክል ነው። እዚሁ ገበያም አታውጡት፣ ይህ ነገር የጉበት ካንሰር ያመጣል፣ ቢቆላም ቢፈጭም አይጠፋም። የሚበላው የእኛው ልጅ ነው። እኛ አካባቢ ዛላው እንዳይሰባበር ብሎ ውኃ የሚረጭ አለ፣ ሻጋታውን የሚጠራው እሱ ነው። መሬት ላይ ማስጣትም ተዉ፣ ቆጥ ሠርታችሁ አስጡ፣ ጆንያውም ከግድግዳና ከወለል ይራቅ።

የቡሬው፦
የጥጉን ዛሬውኑ ለየነው፣ አይሸጥም። ለናሙናው ወፍጮ ቤት ብወስደው ችግር አለው?

ከአባይ ማዶ፦
ወፍጮው በቆሎ ሲፈጭ ውሎ ከሆነ የበቆሎውን አፍላቶክሲን ጨምረህ ነው የምታመጣው። በደንብ ይጸዳ፣ መጀመሪያ ከራስህ በርበሬ ጥቂት አስፈጭተህ ድፋው። መጀመሪያ የበሩን፣ ቀጥሎ የጥጉን አስፈጭ።