«የተረፈው ለንስሐ ተረፈ» ከተባለ የሞተው ለምን ሞተ?

የደብረ ሲና ልጅ፦
ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የሰማሁት ስብከት እስካሁን አልወጣልኝም። ሰባኪው የካቲት 7፣ 2017 ማታ ያንቀጠቀጠንን የመሬት መንቀጥቀጥ አነሣና «ያለ ኃጢአት ምድር አትናወጥም» አለ። ከዚያ ሐምሌ 2016 በጎፋ ናዳ የሞቱትን ጠራ። መጨረሻ ላይ «የተረፈው ለንስሐ ተረፈ» ብሎ ዘጋ። ሕዝቡም እልል አለ። አጠገቤ የቆመችው እናት በ1998 ከጣርማበር ሥር መሬቱ ሲንሸራተት ቤቷም ማሳዋም የሄደባት ናት። ዛሬም ደብረ ሲና ተከራይታ ነው የምትኖረው። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ዝም አለች። እስቲ ንገሩኝ፣ የእሷ ኃጢአት ምን ነበር? ቤታቸው ያልተነካው ጎረቤቶቿስ ጻድቃን ነበሩ?

ሰንበት ተማሪ፦
እህቴ፣ ስብከቱን ቆርጠሽ አታቅርቢ። እኔም ነበርኩ። ንስሐ እንግባ ነው ያለው። ይህ ደግሞ የወንጌል ቃል ነው። «ንስሐ ባትገቡ ሁላችሁ እንዲሁ ትጠፋላችሁ» ያለው ጌታ ራሱ ነው፣ ሉቃስ 13 ላይ። አሞጽ 3፥6ንም ጨምሪበት። ክፉ ነገር በከተማ ላይ ሲመጣ «እግዚአብሔር አላደረገውምን?» ይላል። ዛሬ ሰዉ ሁሉ «ተፈጥሮ ነው፣ ተፈጥሮ ነው» እያለ አምላክን ከገዛ ፍጥረቱ አስወጥቶታል። ቤተ ክርስቲያን ምህላ የምታውጀው ለምን ይመስልሻል?

የደብረ ሲና ልጅ፦
ሉቃስ 13ን ከላይ ጀምረህ አንብበው። የሰሊሆም ግንብ ወድቆ 18 ሰው ገደለ። ጌታ የጠየቀው «በኢየሩሳሌም ከሚኖሩት ሁሉ ይልቅ እነዚህ በደለኞች ይመስሉአችኋልን?» ብሎ ነው። መልሱንም ራሱ ሰጠ። አይደሉም አለ። ንስሐ ግቡ ያለው ደግሞ ቆመው ወሬ ለሚያወሩት ነው እንጂ ግንቡ ለተጫናቸው አይደለም። ሰባኪያችን ግን ጣቱን የቀሰረው ወደ ሟቾቹ ነው። ያናደደኝ እሱ ነው።

መምህር ከመሐል ሜዳ፦
ጂኦግራፊ ስለማስተምር ይህን ልበል። እኛ ያለነው በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ነው። ከአንኮበር እስከ ደብረ ሲና ያለው ገደል የዚያ ጠርዝ ነው። 2017 ከገባ ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች መካከል ቅልጥ አለት ከሥር መሬቱን እየሰነጠቀ ሲገባ ነበር። የካቲት 7 የመጣው በመለኪያው 6 ገደማ ነው። የ1998ቱ መንሸራተትም ምክንያቱ ይታወቃል። ተዳፋቱ ቀጥ ያለ ነው። አለቱ የበሰበሰ እሳተ ገሞራ አለት ነው። ከሥሩ ምንጭ ይፈልቅበታል፣ ከላይ የክረምት ዝናብ ይጠግባል። እንዲህ ያለ መሬት ላይ ጻድቅም ቢቀመጥ ይንሸራተታል።

ሰንበት ተማሪ፦
መምህር፣ እንዴት እንደሆነ ነገርከን። እኛ የምንጠይቀው ለምን ነው። ቅልጥ አለቱን ማን ፈጠረው? ዝናቡን ማን ያዘንባል? ሲመቸን «የእግዚአብሔር በረከት» እንላለን። ሲከፋን ብቻ ነው «ጂኦሎጂ» የሚሆነው?

መምህር ከመሐል ሜዳ፦
ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እኔም አልሸሸውም። ያው እሳት ነው አፈራችንን የሠራው። ጤፉም ገብሱም የሚበቅለው የዱሮ እሳተ ገሞራ በፈጨው አፈር ላይ ነው። ጣርማበር ደመናውን አግዶ ዝናብ የሚሰጠን መሬቱ ተነሥቶ ተራራ ስለሆነ ነው። ሕይወት የምትሰጥ ምድር የምትንቀሳቀስ ምድር ናት። እግዚአብሔር እንዲህ ያለች ምድር ፈጠረ፣ «መልካም እንደሆነ አየ» ይላል። እኔ የማምነው ይህን ነው።

ወንጌላዊ ከደብረ ብርሃን፦
ወንድሜ፣ በዚህ ላይ አልስማማም። እግዚአብሔር አፈር ለመስጠት ሕፃን መቅበር ያስፈልገዋል? ዓለሙ እንዲህ ሆኖ አልተፈጠረም። ዘፍጥረት 3 ላይ ምድር በአዳም ምክንያት ተረገመች። ሮሜ 8 ላይ ፍጥረት ሁሉ በአንድነት ይቃትታል፣ ምጥም ይዞታል ይላል። መንቀጥቀጡ የዚያ ምጥ ነው። የአንድ መንደር ኃጢአት ውጤት ሳይሆን የሰው ልጅ ሁሉ ውድቀት ነው። ስለዚህ ሰባኪው ተሳስቷል፣ አንተም ግማሹን ብቻ ነው የተናገርከው።

ሰንበት ተማሪ፦
እናንተ ደግሞ ሁሉን በአዳም ላይ ጥላችሁ ትገላገላላችሁ። የዛሬው ሰውስ አይጠየቅም?

ወንጌላዊ ከደብረ ብርሃን፦
«እናንተ» ምንድን ነው? እኔም የዚሁ አገር ልጅ ነኝ። እናቴ የሥላሴን ደጅ ስትስም ነው የኖረችው። ነገሩን በነገር መልስ።

ከሸዋ ሮቢት፦
እባካችሁ የሃይማኖት ጠብ እዚህ አታምጡ። እኔ አንድ ጥያቄ አለኝ፣ ለሰንበት ተማሪው። ጎፋ ውስጥ የሆነውን በደንብ ታውቃለህ? መጀመሪያ ናዳ ወርዶ ጥቂት ቤት ቀበረ። ጎረቤት ደርሶ በእጁም በአካፋም መቆፈር ጀመረ። ሁለተኛው ናዳ የወረደው በእነዚህ ላይ ነው። ከ200 በላይ ሰው ነው ያለቀው። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ሰው ለማዳን የሮጡ ናቸው። በቤቱ የቀረው ግን ተረፈ። አሁን «የተረፈው ለንስሐ ተረፈ» የሚለውን በዚህ ላይ አስቀምጥልኝ። ለጎረቤቱ የሮጠው ምን አጥፍቶ ነው?

ሰንበት ተማሪ፦
እሱ ሰማዕት ነው። «ነፍሱን ስለ ወዳጆቹ ከመስጠት ይልቅ ከዚህ የሚበልጥ ፍቅር ለማንም የለውም።» ማን ኃጢአተኛ አለው?

ከሸዋ ሮቢት፦
ሰባኪህ ነዋ! ሟቾቹን ምሳሌ ያደረጋቸው እሱ ነው። ወይ ሰማዕት ናቸው ወይ የተቀጡ ናቸው። ሁለቱንም ልትላቸው አትችልም።

ሰንበት ተማሪ፦
ለአንዱ ቅጣት፣ ለአንዱ ፈተና፣ ለአንዱ አክሊል ይሆናል። አባቶች ያስተማሩን እንዲህ ነው። ኢዮብ ጻድቅ ሳለ ነው የተፈተነው።

የአንኮበር ልጅ፦
ኢዮብን ካነሣህ ጓደኞቹንም አብረህ አንሣ። ሦስቱም ያሉት ልክ እንደ ሰባኪው ነው። በድለህ ይሆናል እንጂ እንዲህ አይደርስብህም አሉት። መጨረሻ ላይ እግዚአብሔር የተቆጣው በማን ነው? በእነሱ ነው። «እንደ ባሪያዬ እንደ ኢዮብ ቅንን ነገር ስለ እኔ አልተናገራችሁም» አላቸው። እግዚአብሔርን ደግፈው እየተናገሩ መስሏቸው ነበር እኮ።

እኛም አገር ይህ አዲስ አይደለም። በሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ በፈረንጅ 1842፣ አንኮበር በመሬት መንቀጥቀጥና በመንሸራተት ክፉኛ ተጎድታለች። አንኮበር ያኔ የንጉሥ ከተማ ነበረች፣ ቤተ ክርስቲያኑም የሞላባት። ምድር ስትናወጥ ደብርና ዳስ አትለይም።

ወንጌላዊ ከደብረ ብርሃን፦
ሊዝበንም እንዲሁ ነው። በፈረንጅ 1755 የፈረሰችው በቅዱሳን ሁሉ በዓል ጠዋት ነው። ሰዉ ጸሎት ላይ እያለ ነው ጣሪያው የወደቀበት። እኛስ ብንሆን፣ የነነዌ ጾም የካቲት 5 አለቀ፣ ትልቁ መንቀጥቀጥ የካቲት 7 መጣ። ሦስት ቀን ሙሉ «እግዚኦ» ብሎ የጾመ ሕዝብ ነው። ኃጢአት ነው የሚያናውጠው ከተባለ ነነዌን ከጾምን በኋላ ለምን ባሰ?

ሰንበት ተማሪ፦
ባሰ ትላለህ፣ እኔ ደግሞ ተረፍን እላለሁ። ያን ያህል ተናውጦ ደብረ ብርሃን ቆማለች። ይህ የጾሙ ፍሬ አይደለም?

የደብረ ሲና ልጅ፦
አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ቤታቸው የተሰነጠቀባቸው፣ በድንኳን የተጠለሉትስ? የእነሱ ጸሎት አልተሰማም ማለት ነው? ተመልሰን እዚያው ገባን። «የተረፈው» ባልክ ቁጥር ያልተረፈውን ትፈርድበታለህ።

የማጀቴ ሰው፦
ልጆቼ፣ እኔ ያየሁትን ልናገር። በ1953 ግንቦት መጨረሻ ላይ ሕፃን ነበርኩ። ማጀቴ ፈረሰች፣ ካራቆሬም ተጎዳች፣ የአስመራው መንገድ ተሰነጠቀ። እኛ ሜዳ ላይ አደርን። ሌሊቱን ሲያጉረመርም አባቴ እጄን መሬቱ ላይ አስነክቶ «አትፍራ፣ ይበርዳል» ይለኝ ነበር። ካህናቱ ታቦት አውጥተው ምህላ ያዙ። ያኔ ካህኑ ምን ሲሉ ሰማሁ መሰላችሁ? «አቤቱ በእኔ በደል ሕዝብህን አትቅጣ» ሲሉ ነው። ደረታቸውን ይመቱ ነበር። «በእናንተ በደል» አላሉም። ከምህላው ሲመለሱ ቤቱ የፈረሰበትን ሰው ምሰሶ አብረው ተሸከሙ። የዛሬው ሰባኪ ያስቀየመኝ እዚህ ላይ ነው። በራስ ላይ የተነገረ ንስሐ ጸሎት ነው፣ ሰው ላይ ሲወረወር ክስ ይሆናል።

የደብረ ሲና ልጅ፦
አባቴ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። ለመናገር የፈለግኩት ይህንኑ ነበር።

ሰንበት ተማሪ፦
አባቴን አከብራለሁ። ነገር ግን ካህን ሕዝቡን መገሠጽ የለበትም? ቅዱስ ባስልዮስ በቂሳርያ ድርቅ ሲገባ ምክንያቱ ንፍገታችሁ ነው ብሎ ሕዝቡን ፊት ለፊት ገሥጿል። አባቶች እንዲህ ነበሩ።

የአንኮበር ልጅ፦
ባስልዮስ ማንን ገሠጸ? ጎተራው ሞልቶ በሩን የዘጋውን ነው። ከዚያስ ምን አደረገ? የተራበውን ሰብስቦ አበላ። ሆዱ ባዶ የሆነውን «የተራብከው በኃጢአትህ ነው» አላለውም። አንተ ግን ግሣጼውን ወስደህ ድስቱን ተውክ።

ሰንበት ተማሪ፦
እኔ ድስት ትቻለሁ? ከአጣዬ የተፈናቀሉት በ2013 ሲመጡ ማን እህል ሰበሰበ? የእኛ ሰንበት ትምህርት ቤት ነው። ኩንታሉን በትከሻችን ነው ያመላለስነው። የማታውቀውን አትናገር።

የአንኮበር ልጅ፦
እሱን አልካድኩም። እግዚአብሔር ይስጣችሁ። አጣዬ ግን ሌላ ነገር ነው። ቤት ያቃጠለው ሰው ነው። ለእሱ መልሱ ቀላል ነው፣ እግዚአብሔር ለሰው ነጻ ፈቃድ ሰጠ፣ ሰውም ለክፋት አዋለው። ናዳ ግን ፈቃድ የለውም። ነጻ ፈቃድ የሚለው መልስ ለአጣዬ ይሠራል፣ ለጣርማበር አይሠራም። እኔን እንቅልፍ የሚነሣኝ ይህ ነው።

ከሸዋ ሮቢት፦
ምልክት ማንበብ የጀመርነው ዛሬ አይደለም። ደብረ ብርሃን ስሟን ያገኘችው እንዴት ነው? ንጉሡ ዘርዓ ያዕቆብ ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉትን መነኮሳት በድንጋይ አስወገረ። ከቀናት በኋላ ሰማይ ላይ ብርሃን ታየ። እግዚአብሔር ሥራዬን ወደደ ብሎ ተረጎመው። ዛሬ አንዳንድ የታሪክ ሰዎች በ1456 በፈረንጅ የታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። ሰማይን አይቶ በሰው ላይ መፍረድ የት እንደሚያደርስ እዚሁ ከተማችን ውስጥ ታሪክ አለን።

ወንጌላዊ ከደብረ ብርሃን፦
ይህን ደፍሮ የሚናገር ሰው በመገኘቱ ደስ ብሎኛል።

ሰንበት ተማሪ፦
አንተ ደስ ይበልህ! ቅዱሱን ንጉሥ የምታዋርዱት ለዚህ ነው? ያው ዘርዓ ያዕቆብ ደብረ ብርሃን ላይ ወረርሽኝ ገብቶ ሰው እንደ ቅጠል ሲረግፍ የቂርቆስን ቤተ ክርስቲያን አሠርቷል። ሙታንም ሜዳ ላይ እንዳይቀሩ፣ ሰው ተሰብስቦ እንዲቀብር አዟል። ይህንንም ተናገሩ እንጂ።

ከሸዋ ሮቢት፦
እናገራለሁ። የወደድኩለትም እሱን ነው። ወረርሽኙ ሲመጣ ቤተ ክርስቲያን ሠራ፣ ሬሳ አስቀበረ። በሟች ላይ ስብከት ከማብዛት ይሻላል። መወገሩ ግን መወገር ነው።

ሰንበት ተማሪ፦
ከዚህ በላይ ስለ ንጉሡ ከአንተ ጋር አልነጋገርም።

መምህር ከመሐል ሜዳ፦
ወደ ነገሩ እንመለስ። ኤልያስ ኮሬብ ላይ ሲቆም ነፋስ መጣ፣ መንቀጥቀጥ መጣ፣ እሳት መጣ። እግዚአብሔር ግን በመንቀጥቀጡ ውስጥ አልነበረም ይላል፣ 1ኛ ነገሥት 19። ለእኔ ይህ ትልቅ ነገር ነው። መንቀጥቀጡ ውስጥ ፍርድ የሚፈልግ ሰው ይህን ቦታ ያንብብ። ሌላም አለኝ። ከጣርማበር ሥር ዛሬም በዚያው ተዳፋት ላይ ቤት የሚሠራ አለ። ከክረምት በፊት ውኃ መውረጃ ቦይ መቆፈር፣ ስንጥቅ ሲታይ ለቀበሌ መናገር፣ ምንጩ ድንገት ሲደፈርስ ቤት ለቅቆ መውጣት ነፍስ ያድናል። በዐውደ ምሕረት ይህ ቢነገር ምን ነበረበት?

የማጀቴ ሰው፦
ልክ ነህ ልጄ። በክፉ ቀን ጊዜ ከብት አልቆ የሚታረስበት በሬ ሲጠፋ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፍረዋል ይባላል፣ ሕዝቡ እንዳያፍር። ጸሎቱንም አልተውም ነበር።

የደብረ ሲና ልጅ፦
እኔ ከዚህ በኋላ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ሰባኪው ያቺን እናት ሄዶ ያናግራት። «በኃጢአትሽ» የሚለውን ፊቷን እያየ ይበላት። ካልቻለ በሕዝብ ፊትም አይበለው። ጌታ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሲጠየቅ «እርሱም ወላጆቹም አልበደሉም» ብሎ ከዚያ ዐይኑን አበራለት። ፈውስ የሌለው ማብራሪያ ከወንጌል የት ተገኘ?

ሰንበት ተማሪ፦
ሰባኪውን ራሱን ጠይቂው፣ እሁድ ይመጣል። ነገር ግን ሁላችሁም ዙሪያውን ስትዞሩ አሞጽ 3፥6ን የመለሰልኝ የለም።

የአንኮበር ልጅ፦
አሞጽ የተናገረው ለማን ነው? ምዕራፍ 6ን እይ። በዝሆን ጥርስ አልጋ ለሚተኙት፣ በዮሴፍ መከራ ለማያዝኑት ነው። በናዳ ቤቷ ለሄደባት ሴት አይደለም።

ሰንበት ተማሪ፦
ለማን እንደተነገረ ነገርከኝ። እኔ የጠየቅኩት ማን እንዳደረገው ነው። «እግዚአብሔር አላደረገውምን?» ይላል። አዎ ነው ወይስ አይደለም?

የአንኮበር ልጅ፦
እግዚአብሔር የሁሉ ጌታ ነው፣ አዎ። ያን ቤት ግን ለቅጣት አፈረሰው የሚል ቃል አምጣልኝ።

ሰንበት ተማሪ፦
ግማሽ መልስ ነው። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እንገናኝ፣ መጽሐፍህን ይዘህ ና።