ድንኳኑ ከግቢያችን ፊት ለፊት ተተክሎ እኔ ለቅሶ ሳልደርስ ቀረሁ

ጥያቄ (ከማራኪ)

ጤና ይስጥልኝ። በሥራ ዝውውር ከሐዋሳ ወደ ጎንደር ከመጣሁ አምስተኛ ወሬን ይዣለሁ። የሒሳብ ባለሙያ ነኝ፤ የምኖረውም ማራኪ አካባቢ በአንዲት አረጋዊት እናት ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቼ ነው። ባልደረቦቼ መልካም ሰዎች ቢሆኑም ከሥራ ስንወጣ ሁሉም ወደየቤተሰቡ ይሄዳል፤ እኔም በሬን ዘግቼ እናቴ ዘንድ እየደወልኩ አመሻለሁ።

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ ግን ብቸኝነቱ ብቻ አይደለም። ከሦስት ሳምንት በፊት ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ ከፊት ለፊታችን ካለው ቤት ደጃፍ ድንኳን ተተክሎ፣ የሰፈሩ ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ሲገባ አየሁ። ማን እንዳረፈ አላወቅሁም፤ የሚያውቀኝም ሰው ስለሌለ «ምን ብዬ እገባለሁ?» አልኩና አለፍኩ። ማታ ስመለስም እንደዚያው አለፍኩ። በሳምንቱ አከራዬ እንደነገሩኝ፣ ያረፉት ውኃ ጠፍቶ በነበረ ጊዜ ጀሪካኔን ከእጄ ተቀብለው እስከ በሬ ድረስ ያደረሱልኝ አባት ነበሩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ባለቤታቸውን መንገድ ላይ ባየሁ ቁጥር አንገቴን ደፍቼ አልፋለሁ።

ሁለት ነገር ልጠይቃችሁ። ይህን ያህል ዘግይቶ ለቅሶ መድረስ ነውር ይሆን? ደግሞስ ብቻዋን የምትኖር ተከራይ ሴት እዚህ አገር የሰፈር ሰው መሆን የምትችለው እንዴት ነው?

መልስ (ከአራዳ፣ እዚሁ ጎንደር ተወልጄ ካደግሁ እናት)

ልጄ፣ ነውርስ መቅረት ነው። ገና አርባቸው አልወጣም፤ ቢወጣም እንኳ ሰማንያ አለ፣ ሙት ዓመት አለ። የሩቅ ዘመድ ዘግይቶ ሰምቶ በወሩም በሁለት ወሩም ይመጣል፤ «ለምን ቆየህ?» የሚለውም የለም።

በዚህ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሂጂ፤ ብቻሽን ግን አትግቢ። አከራይሽን «ከእርስዎ ጋር ልሂድ» በያቸው፤ አስገብተው «ይህች የኔ ልጅ ናት» ካሉልሽ ሌላ መግቢያ አያስፈልግሽም። ባዶ እጅ መሄድ አያሳፍርም፤ ከፈለግሽ ቡናና ስኳር ያዢ። ገብተሽ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» በይና ዝም ብለሽ ተቀመጪ። ቀስ ብለሽ ደግሞ የጀሪካኑን ነገር ለሚስታቸው ንገሪያቸው። እኔ ባሌን በቀበርኩ ጊዜ ከመጣው ሰው ሁሉ ዛሬም ድረስ የማልረሳው፣ ባሌ ያደረገለትን አንድ ነገር የነገረኝን የማላውቀው ልጅ ነው።

ሌላው ነገር ቡና ነው። አከራይሽ ቡና ሲያፈሉ ይጠሩሻል? ሦስት ጊዜ «ደክሞኛል» ካልሻቸው በአራተኛው አይጠሩሽም፤ ጠልተውሽ ሳይሆን እንዳያስቸግሩሽ ብለው ነው። ስትሄጂም አቦሉን ጠጥተሽ እንዳትነሺ። ማን ታመመ፣ ማን ወለደ፣ ማን አዘነ የሚለው የሚነሳው ቶናው ላይ ነው፤ ቡናው ላይ ብትኖሪ ኖሮ የዚያን ቀን የድንኳኑን ነገር ሳትሰሚ አትወጪም ነበር። ይህን የምልሽ ለመውቀስ አይደለም።

መልስ (ከአዘዞ፣ ለረጅም ዓመታት የዕድር ጸሐፊ ከሆንኩ ሰው)

ስለ ሁለተኛው ጥያቄዎ ልመልስልዎት። ተከራይ መሆንዎ ከዕድር አያግድዎትም፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ዕድር የራሱ መተዳደሪያ ደንብ ስላለው ከመመዝገብዎ በፊት ደንቡ እንዲነበብልዎ ይጠይቁ። ሦስት ነገሮችን በተለይ ያጣሩ፦ የመመዝገቢያውና የወር መዋጮው ስንት እንደሆነ፣ በቀብርና በስብሰባ ቀን ለቀረ ሰው ቅጣቱ ምን እንደሆነ፣ እንዲሁም በሩቅ አገር ያሉ ወላጆች ቢያርፉ ዕድሩ ምን እንደሚያደርግ። የመጨረሻው ለእርስዎ ዋናው ነው። በእኛ ዕድር አባልዋ ስትመዘገብ የወላጆችዋን ስም ካላስጻፈች በኋላ ጭቅጭቅ ይነሳል፤ ስለዚህ የእናትዎን ስም በመጀመሪያው ቀን ያስጽፉ።

በሰፈርዎ የሴቶች ዕድር ካለ ከዋናው ይልቅ በእሱ እንዲጀምሩ እመክራለሁ። የዋናው ዕድር ሥራ በአብዛኛው ድንኳን፣ ወንበርና ቀብር ነው። ሴቶቹ ግን እንጀራ ሲጋግሩ፣ ሽንኩርት ሲከትፉ፣ ዕቃ ሲያጥቡ ውለው ያድራሉ፤ እንዲህ ጎን ለጎን የሠራ ሰው ሳይተዋወቅ አይቀርም። የሒሳብ ባለሙያ መሆንዎንም አይደብቁ። መዝገብ በአግባቡ የሚይዝ ሰው ማጣት ያላስቸገረው ዕድር እስካሁን አላየሁም።

መልስ (ከደሴ መጥቼ ጎንደር ስድስት ዓመት ከኖርኩ የጤና ባለሙያ)

በአንድ ነገር ከአዘዞው ወንድሜ እለያለሁ። ዕድር መመዝገብና የሰፈር ሰው መሆን አንድ አይደሉም። እኔ በመጀመሪያው ዓመት መዋጮዬን በአከራዬ ልጅ እጅ እየላክሁ፣ ቅጣቱንም በገንዘብ እየከፈልኩ ኖሬ፣ በዓመቱ መጨረሻ ከዳኛው በቀር በስም የማውቀው አባል አልነበረም። ታምሜ ሦስት ቀን ስተኛ የጠየቀኝ ሰው አለመኖሩ አስከፍቶኝ ነበር፤ ቆይቼ ሳስበው ግን እኔም ማንንም ጠይቄ አላውቅም ነበር።

እቁብን በተመለከተ አትቸኩይ። እጣ ለወጣለት ሰው ዋስ ስለሚያስፈልግ፣ ገና ያልተለመደ ሰው የሚዋሰው ያጣና ይሸማቀቃል። ጥምቀትንም አትጠብቂ። ጥር 10 እና 11 በፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር የሚታየው ነገር ዕድሜ ልክ አይረሳም፤ እኔ ግን በመጀመሪያው ዓመት በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ቆሜ የባሰ ብቸኝነት ተሰምቶኛል። በሁለተኛው ዓመት ከሰፈር ልጆች ጋር ለታቦቱ ምንጣፍ ሳነጥፍ ነበርና በዓሉ የእኔም ሆነ።

የጠቀመኝ ሰንበቴ ነው። በየሳምንቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ተቀምጠን ባለተራው ያመጣውን ዳቦና ጠላ እንቀምሳለን። ተራዬ ሲደርስ ጠላ መጥመቅ አልችልም ብዬ ተጨነቅሁ፤ ሦስት እናቶች ጌሾውንም ጋኑንም ይዘው ቤቴ መጡ። ሰው ወደ ቤቴ የገባው ያን ቀን፣ እርዳታ ስለጠየቅሁ ነው። አንቺም ሁሉን ነገር አሟልተሽ ለመቅረብ አትጠብቂ፤ ወንፊትም ቢሆን ተዋሽ።

መልስ (ከዚሁ ከጎንደር፣ አዲስ ዓለም)

እኅቴ፣ እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ሰንበቴና ማኅበር የሌለው ሰው ምን ያድርግ ለሚል አንባቢ ጭምር ልጨምር። በእኛ ዕድር ውስጥ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አለ፤ የቀብሩ ሥርዓት ቢለያይም ድንኳኑና ወንበሩ አንድ ነው። ጎንደርን አፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ገደማ መናገሻ ካደረጓት ጀምሮ ከየአገሩ የመጣ ሰው የሰፈረባት ከተማ ናት፤ እጨጌ ቤትማ ሸሽቶ የመጣ ሰው ተማጽኖ የሚጠለልበት ሰፈር ነበር። ስለዚህ ባዳነትሽ ለከተማዋ አዲስ ነገር አይደለም። ሰው «የማን ልጅ ነሽ? ከወዴት መጣሽ?» ብሎ ሲጠይቅሽም እንደ ምርመራ አትቁጠሪው፤ አጥርተሽ መልሺና አንቺም መልሰሽ ጠይቂ።

ከጠያቂዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እሑድ ከአከራዬ ጋር ሄድን። ባለቤታቸው ጥቁር ለብሰው መደብ ላይ ተቀምጠው ነበር። ስለ ጀሪካኑ ስነግራቸው መጀመሪያ ዝም አሉ፤ ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው «ሰማሽ? ወገቡን እያመመው» አሉና እጄን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። እስክንነሣ ድረስ አልለቀቁኝም። ስለ መዘግየቴ ያነሳ ሰው አልነበረም።

የሴቶች ዕድሩ ስብሰባ በሚመጣው ወር መጀመሪያ እሑድ እንደሆነ እዚያው ሰምቻለሁ፤ ደንቡ እንዲነበብልኝ እጠይቃለሁ፣ የእናቴንም ስም አስጽፋለሁ። ትናንት ማታ ደግሞ በሬ ተንኳኳ። ልጅቷ ቢጫ ጀሪካን ይዛ ቆማለች። «እማዬ ውኃ ካላት ብላ ነው» አለችኝ። እኔ ጋ ሁለት ሙሉ ጀሪካን ነበረ፤ አንዱን ይዤላት ተሻገርኩ፤ ቡና ተፈልቶ ስለነበር በረካውን ጠጥቼ ተመለስኩ።